ጨፌ ላይ ያየነው ቢጫ አበባ ዳንዴሊዮን ነው ወይስ አይደለም? አራት የስልክ መተግበሪያዎችና አንድ አጉሊ መነጽር ሲመዘኑ

ከዴንቨርና ከኦሮራ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሮኪ ተራሮች የሚወጣ ሰው ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ውሃ ያቆረ ጨፌ ሁሉ በቢጫ አበባ ተሞልቶ ያገኘዋል። ስልኩን አውጥቶ ከላይ አንድ ፎቶ ያነሣል፤ መተግበሪያው «ዳንዴሊዮን» ይለዋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። መልሱ አንዳንዴ ልክ ነው። ልክ ሲሆንም ግን በአብዛኛው በግምት ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የሚታየው ቢጫ ፊት የዳንዴሊዮን ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዘመዶቹም የጋራ ፊት ነው። ልዩነቱ ያለው ከአበባው ሥር፣ በአገዳው ላይ፣ በቅጠሉና በዘሩ ላይ ነው። እነዚህን ያላየ መተግበሪያ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የሚያደርገው መገመት ነው።

እዚህ የምንመዝናቸው ፕላንትኔት፣ አይናቹራሊስት፣ ሲክ እና ጎግል ሌንስ ናቸው፤ አራቱም በነፃ የሚገኙ። አምስተኛው ዕቃ ባትሪ የማይፈልግ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ነው። ፍርዱን ለቸኮለ ሰው አስቀድመን እንንገረው፦ ስልኩ ላይ አንድ ብቻ መጫን የሚፈልግ አይናቹራሊስትን ይጫን፤ እዚያው ሜዳው ላይ ፈጣን ፍንጭ የሚፈልግ ፕላንትኔትን ይጨምር፤ ልጆች ያሉት ሲክን ይስጣቸው። ጎግል ሌንስ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

መተግበሪያዎቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ለመረዳት መጀመሪያ አበባውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አደይ አበባን የሚያውቅ ሰው የትምህርቱን ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው። አደይ መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ክብ አለው፤ ሰፋፊዎቹ ቢጫ ቅጠሎች በዙሪያው ብቻ ናቸው። ዳንዴሊዮንና የቅርብ ዘመዶቹ ያ የመሃል ክብ የላቸውም፤ ከዳር እስከ መሃል ያለው ሁሉ ምላስ መሳይ ነው። እያንዳንዱ ምላስ ራሱን የቻለ አንድ ትንሽ አበባ ሲሆን ጫፉ ላይ አምስት ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ሁለተኛው ምልክት ወተቱ ነው። ቅጠሉ ወይም አገዳው ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ እንደ ቁልቋል ወተት ባይበዛም በግልጽ ይታያል። መሃሉ ክብ ያለው ቢጫ አበባ ጨፌው ላይ ካጋጠመ አርኒካ ወይም ሴኔሲዮ ሊሆን ይችላልና ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

ወተት ያለውና የመሃል ክብ የሌለው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አበባውን ገልብጡት። ከሥሩ አቅፈው የያዙት አረንጓዴ ቅርፊቶች አሉ፤ እነሱ ናቸው መታወቂያው። በተለመደው ዳንዴሊዮን፣ ማለትም በታራክሳኩም ኦፊሲናሌ፣ የውጪዎቹ ቅርፊቶች ወደ ታች ተቀልብሰው ወደ አገዳው ይታጠፋሉ፤ የውስጦቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አገዳው ባዶ ቱቦ ነው፤ ቅጠል የለበትም፤ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ጫፉ ላይ አንድ አበባ ብቻ ይይዛል። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይነጠፋሉ፤ ጥርሶቻቸውም እንደ መጋዝ ወደ ሥሩ ያዘነብላሉ።

በሮኪ ተራሮች በተደጋጋሚ ዳንዴሊዮን ተብሎ የሚታለፈው አጎሰሪስ ግላውካ ነው። እሱም ወተት አለው፤ አገዳው ቅጠል የለውም፤ አበባው አንድና ቢጫ ነው። ግን ቅርፊቶቹ አይቀለበሱም፤ እንደ ጣራ ክፍክፍ ተደራርበው ወደ ላይ ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜም መሃላቸው ላይ ሐምራዊ መስመር ወይም ነጠብጣብ ይታያል። ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ፣ በአብዛኛው ጥርስ የሌለው ወይም ጥቂት ጥርስ ብቻ ያለው፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ አረንጓዴ ነው። ሲደርቅ ቢጫው ወደ ሮዝ ይለወጣል። የተቀለበሰ ቅርፊትና መጋዝ ጥርስ ከሌለ፣ ቅጠሉም ጠባብ ከሆነ፣ አጎሰሪስ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ችግሩ በእነዚሁ ተራሮች ከፍታ ላይ ሌላ አገር በቀል ዳንዴሊዮን መኖሩ ነው፤ ታራክሳኩም ሴራቶፎረም ይባላል። የእሱ የውጪ ቅርፊቶች እንደ ሣር ሜዳው ዳንዴሊዮን ሙሉ በሙሉ አይቀለበሱም፤ ጫፋቸው አጠገብም ትንሽ ቀንድ መሳይ እብጠት አለ። ስለዚህ «ቅርፊቱ ቀጥ ካለ ዳንዴሊዮን አይደለም» የሚለው ፈጣን ደንብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። መፍትሔው ቅጠሉን አብሮ ማየት ነው፤ ቀንድ ያለው ቅርፊት ከተሰነጣጠቀ የዳንዴሊዮን ቅጠል ጋር ከመጣ ዳንዴሊዮን ነው፤ የተራራው ይሁን እንጂ። አራቱም መተግበሪያዎች ይህን ተክል ወደ ተለመደው ዳንዴሊዮን ለመጎተት ያዘነብላሉ፤ የቀንዱን ፎቶ በቅርበት ካልሰጧቸው ለይተው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

አገዳው ቅርንጫፍ ካወጣና ብዙ አበባ ከያዘ ዳንዴሊዮንም አጎሰሪስም ከምርጫው ወጥተዋል። ጨዋማነት ባለው እርጥብ ጨፌ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ክሬፒስ ሩንሲናታ ነው፤ ቅጠሎቹ በአብዛኛው ሥሩ ላይ ናቸው፤ አገዳው ላይ ያሉት ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ቅርፊቶቹ ሁለት ዓይነት ሲሆኑ ውስጥ ረጃጅም፣ ውጪ በጣም አጫጭር ናቸው። በሲያትል አካባቢ ለሚኖሩ ደግሞ የየሣር ሜዳው አታላይ ሃይፖኬሪስ ራዲካታ ነው። ቅጠሉ ሻካራ ጠጉር አለው፤ ጥርሱም ሹል ሳይሆን የተደፈነ ነው፤ አገዳው ቀጭን፣ ጠንካራና ቅርንጫፍ የሚያወጣ ነው።

ብርቱካንማ አበባ ካያችሁ ቆም በሉ። አጎሰሪስ ኦራንቲያካ ብርቱካንማ ነው፤ አገር በቀል ነው፤ በአንድ አገዳ ላይ አንድ አበባ ይዞ ለብቻው ይቆማል። ኦሬንጅ ሆክዊድ የሚባለው ወራሪ አረምም ብርቱካንማ ነው፤ እሱ ግን አበባዎቹን በአገዳው ጫፍ ላይ በቡድን ይይዛል፤ አገዳውም ጥቁር ጠጉር አለው። የኮሎራዶ ግዛት ሆክዊዱን በሕግ መጥፋት ካለባቸው አረሞች ዝርዝር «ሀ» ውስጥ አስገብቶታል። መተግበሪያ እዚህ ላይ ሲሳሳት ጉዳቱ የስም ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ጥበቃ የሚገባውን አበባ ነቅሎ ይጥላል፤ ሌላው ወራሪውን «ደስ ይላል» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ መተግበሪያዎቹ።

ፕላንትኔት በፈረንሳይ የሕዝብ ምርምር ተቋማት በ2009 የተጀመረ ሥራ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፎቶው የምን አካል መሆኑን መጠየቁ ነው፦ አበባ፣ ቅጠል፣ ፍሬ፣ የግንድ ልጣጭ ወይስ ሙሉ ተክል? የአንድ ተክል ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ጥያቄ ይቀበላል። ለእኛ ጉዳይ የሚሻለው አሰጣጥ የአበባው ፊት፣ የአበባው ሥር፣ ከሥር ያለ ቅጠልና የደረሰ ዘር፣ እያንዳንዱ በየስሙ ነው። የአበባው ሥር የራሱ ክፍል ስለሌለው እሱንም «አበባ» በሉት። መልሱ እያንዳንዱ ከመቶኛ ጋር የተሰለፈ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ስም ያነብና ይዘጋዋል። አንደኛው 38 በመቶ፣ ሁለተኛው 31 በመቶ ቢሆን መተግበሪያው የሚላችሁ «አላወቅኩም፤ ከሁለቱ አንዱ ነው» ነው። እንዲህ ሲሆን የሁለቱን ዝርያዎች ፎቶዎች ከፍታችሁ ቅርፊታቸውን አነጻጽሩ። ሌላው የሚረሳው የአካባቢ ምርጫ ነው። «የዓለም ዕፅዋት» ላይ ተትቶ ሲጠየቅ ኮሎራዶ ውስጥ የማይበቅል የአውሮፓ ክሬፒስ ሊያመጣ ይችላል፤ ያላችሁበትን አካባቢ መምረጥ የስሕተቱን በር ያጠብባል። ለዚህ ሥራ ከ10 8 እንሰጠዋለን።

አይናቹራሊስት በ2008 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ፤ ከ2023 ወዲህ ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግምት ከፕላንትኔት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ከግምቱ በኋላ ሰው መኖሩ ነው። ፎቶውን ከቀንና ከቦታ ጋር ስትጭኑ ዕፅዋት የሚያውቁ ሰዎች ያዩታል፤ ይስማማሉ ወይም ያርማሉ። ከለዪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በአንድ ዝርያ ስም ከተስማሙ ምልከታው «ለምርምር የሚበቃ» የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቱ የሰጠውን ስም ወዳጁ ሳያጣራ «እስማማለሁ» ካለለት ስሕተቱ ማዕረግ ይዞ ይቀመጣል። አበባ ያልለየ ሰው ለይሉኝታ ብሎ አይስማማ።

ብልሃቱ ስሙን ሰፋ አድርጎ መስጠት ነው። ዝርያውን ሳታውቁ «ታራክሳኩም ኦፊሲናሌ» ከምትሉ ወገኑን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚጋሩትን የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ «ታራክሳኩም» ወይም «አጎሰሪስ»፣ በሉት። መተግበሪያው ራሱ ብዙ ጊዜ ከላይ «በዚህ ወገን ውስጥ መሆኑን እርግጠኛ ነን» ብሎ ከሥር ዝርያዎችን ይደረድራል፤ የላይኛውን መስመር መምረጥ ነውር አይደለም። ዳንዴሊዮን በተለይ ይህን ይጠይቃል። ብዙው ዳንዴሊዮን ያለ ማዳቀል ዘር ስለሚያፈራ እያንዳንዱ መስመር እናቱን እየመሰለ ይቀጥላል፤ ተመራማሪዎችም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዝርያዎችን ሰይመዋል። እነሱን ከስልክ ፎቶ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው።

ድክመቱ ጊዜ ነው። ቢጫ አበባ የሚጭነው ሰው ብዙ፣ ቢጫ አበባ የሚለየው ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ምልከታ ለሳምንታት መልስ ሳያገኝ ሊቀመጥ ይችላል። የቅርፊቱ ፎቶ ያለበት ግን ቶሎ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ለዪዎቹ ሊሠሩበት የሚችሉት እሱን ነውና። በግቢያችሁ ያነሣችሁትን ስትጭኑ ቦታውን «የተደበቀ» አድርጉት፤ ካርታው ላይ ትክክለኛው ነጥብ አይታይም። ከ10 9።

ሲክን የሠራው ያው አይናቹራሊስት ነው፤ በ2018 ወጣ። ምዝገባ አይጠይቅም፤ ያነሣችሁትንም ለሰው አያሳይም፤ ለልጆች የሚመረጠው ለዚህ ነው። ካሜራውን ተክሉ ላይ ስትደቅኑ ከላይ ያሉት ነጥቦች ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ አንድ በአንድ ይሞላሉ፤ የመጨረሻው ሲሞላ ዝርያውን አገኘ ማለት ነው። ልየታው ስልኩ ላይ ስለሚሠራ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆም ያገለግላል፤ ተራራ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐቀኛነቱም ይወደዳል፤ ካላወቀ መሃል ላይ ይቆማል እንጂ ዘሎ ስም አይሰጥም። ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ምስል ነው፤ የአበባውን ፊትና ሥር አስተያይቶ አይፈርድም። በአበባው ፊት «ዳንዴሊዮን» ካለ በኋላ ካሜራውን ወደ ሥሩ አዙሩት፤ ስሙ ከተቀየረ ወይም ነጥቦቹ ከተመለሱ የመጀመሪያውን አትመኑ። ለልጅ ከ10 9፣ ለቁም ነገር 6።

ጎግል ሌንስ ድረ ገጽ ላይ ካለው ፎቶ ሁሉ የሚመስለውን ይፈልጋል። ድረ ገጹን የሞላው ቢጫ አበባ ደግሞ ዳንዴሊዮን ነው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም። 3።

የትኛውንም ብትጠቀሙ ፎቶው ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል፤ ቢጫ አበባ ደግሞ ለስልክ ካሜራ አስቸጋሪ ነው። በቀትር ፀሐይ ቢጫው ይነድና ምላሶቹ አንድ ጠፍጣፋ ክብ ሆነው ይወጣሉ፤ ጥርሶቹ ይጠፋሉ። በሰውነታችሁ ጥላ ጣሉበት፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አበባውን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ካሜራው አበባውን ትቶ ከኋላ ያለውን ሣር የሚያጠራ ከሆነ መዳፋችሁን ከአበባው ጀርባ ዘርጉ፤ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስልኩን በጣም ማስጠጋት ያደበዝዛል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ 2 እጥፍ ማቅረብ ይሻላል። ለቅርፊቱ ፎቶ አበባውን ሳትቆርጡ በሁለት ጣት አዘንብሉት፤ ስልኩን ወደ መሬት አውርዳችሁ ከጎን አንሡ። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ ዳንዴሊዮን በደመናና በምሽት ይዘጋል፤ የተዘጋ አበባ ቅርፊቱን ለማየት ጥሩ ነው፤ ፊቱን ግን ይደብቃል። ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን ሆኖ አበባው ቀትር ላይ ከተዘጋ፣ ቅርፊቶቹም ከቢጫው በላይ ረዝመው ከወጡ፣ ትራጎፖጎን የሚባል ሌላ ተክል ነው፤ መተግበሪያም አያስፈልገውም።

በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አበባ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ወተቱን ለማየት ብላችሁ ቅጠል አትቀንጥሱ፤ የቅርፊቱና የቅጠሉ ፎቶ ይበቃል።

ለጎመን ብሎ ዳንዴሊዮን የሚለቅም ሰው ካለ አንድ ነገር ይስማን፦ ከአራቱም የአንዱንም መልስ ይዞ ወደ ድስት መሄድ አይገባም። የዳንዴሊዮን ቅጠል ይበላል፤ መራራ ነው። የሴኔሲዮ ወገን ዕፅዋት ቅጠል ግን ገና ሳያብብ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ሲነጠፍ ለማያውቅ ሰው ይመሳሰላል፤ በውስጡም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያላቸው አሉ። ያላበበ ተክል ለመተግበሪያ የባሰ ጨለማ ነው። ከመኖሪያ ቤት ሣር ላይ የሚለቀመውም የአረም መድኃኒት ሊነካው ይችላል፤ ዳንዴሊዮን የሚረጨው መድኃኒት ዋና ዒላማ ነውና።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚያነብ፣ የባሌን ከፍተኛ ቦታዎች እርጥብ ሜዳ የረገጠ ሰው መሬት ላይ ተለጥፎ ቢጫ የሚያብበውን ሃፕሎካርፋ ሩፔሊን ያውቀው ይሆናል። ከሩቅ ዳንዴሊዮን ይመስላል። መሃሉን እዩ፤ እንደ አደይ ክብ አለው። ቅጠሉን ገልብጡ፤ ጀርባው ነጭ ሱፍ ለብሷል። አይናቹራሊስትና ፕላንትኔት ላይ ከኢትዮጵያ የተጫነ ፎቶ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ግምታቸው እዚያ ይዳከማል፤ የቅጠሉን ጀርባ ፎቶ አትርሱ። ለማረጋገጥ የሚሻለው መንገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ነው።

የቀረው አጉሊ መነጽሩ ነው፤ ከሁሉም የምናደንቀውም እሱን ነው። ባለ 10 እጥፍ ግዙ፤ ጌጣጌጥ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የሚታጠፈው ዓይነት ይበቃል። 20 እጥፍ ይሻላል ብሎ የሚሸጥ ካለ አትግዙ፤ የሚያሳየው ስፍራ ይጠብባል፤ ይጨልማል፤ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይጠፋል። በርካሾቹ ላይ የሚጻፈው «30 እጥፍ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጽሑፍ አያልፍም። አያያዙ ላይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይሳሳታል፤ መነጽሩን አበባው ላይ አድርጎ ከሩቅ ያያል። መነጽሩ ዓይን ላይ ይለጠፋል፤ አበባው ወደ መነጽሩ ይቀርባል፤ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይጠራል።

የሚታየው ዘሩ ነው። የዳንዴሊዮን ዘር ከላይ ጥቃቅን እሾህ አለው፤ ከዚያ ቀጭን አንገት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጃንጥላ። የአጎሰሪስ ዘር እሾህ የለውም፤ ቁመቱን የሚከተሉ መስመሮች አሉት፤ በግላውካ አንገቱ አጭርና ወፍራም፣ በኦራንቲያካ ቀጭን ነው። የሃይፖኬሪስ ጃንጥላ ጠጉሮች ራሳቸው እንደ ላባ ቅርንጫፍ አላቸው፤ የዳንዴሊዮንና የአጎሰሪስ ግን ልሙጥ ናቸው። ይህን ልዩነት ስልክ አጥርቶ ማንሣት ይቸግረዋል፤ መነጽሩን የካሜራው ዓይን ላይ ለጥፎ ማንሣት ግን ይቻላል፤ ያ ፎቶ አይናቹራሊስት ላይ ሲጫን ለዪዎቹን ያስደስታል። ዘሩንም መንቀል አያስፈልግም፤ ነፋስ ልብስ ላይ ያሳረፈው ይበቃል።

መነጽሩ ትንሽና ብርማ ስለሆነ ሣር ውስጥ ከወደቀ አይገኝም። ስትገዙት ቀይ ክር አስሩበትና አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት።